ትንፋሽ ሲያጥር እግር ለምን ይከዳል?

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የካፋዋ ሺሺንዳ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። በካፋ የዓመቱን አብዛኛውን ወር ይዘንባል። መሬቱ ዳገትና ቁልቁለት ይበዛዋል፤ ከቤት ወደ ምንጭ፣ ከምንጭ ወደ ቡና ማሳ የሚወስደው የእግር መንገድ ደግሞ ሲዘንብበት ያዳልጣል። በዚህ መንገድ 20 ሊትር ጀሪካን አዝሎ መውጣት ለጤነኛ ሰውም ከባድ ነው። ሳንባው ለታመመ ሰው ደግሞ ሁለት ፈተና በአንድ ላይ ይመጣበታል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እግሩም ይከዳዋል።

የመጀመሪያውን ሁሉም ያውቀዋል። ጤና ጣቢያ ሄዶ «ትንፋሽ ያጥረኛል» የሚል ብዙ ነው። «ወደቅሁ» ወይም «ስቆም ያንገዳግደኛል» የሚለው ግን ጥቂት ነው። መውደቅ የጭቃው ጥፋት፣ የዕድሜ ጣጣ ተደርጎ ይታለፋል። ልጅ «እማዬ፣ ምነው ተንገዳገድሽ?» ብላ ብትጠይቅ የምታገኘው መልስ «አዳልጦኝ ነው ልጄ፣ ምንም አልሆንኩም» ነው። ጭቃው በእርግጥ ያዳልጣል። ነገር ግን ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለበትን ሰው ከጭቃው በተጨማሪ የሚጥለው ሌላ ምክንያት አለ። አየር የሚስብልን ዋናው ጡንቻ ቀጥ ብለን እንድንቆም ከሚያግዙት ጡንቻዎችም አንዱ ነው። በአንዱ ሥራ ሲጠመድ ሌላው ይጓደልበታል። ይህን የተረዳ ቤተሰብ ለታማሚው ብዙ ሊያደርግለት ይችላል፤ የሚያስፈልገውም አንድ ወንበር፣ አንድ ግድግዳና ትዕግሥት ነው።

አየር እንዴት ይገባል?

ሳንባ አየር የሚስብበት የራሱ ጡንቻ የለውም። ደረት ሲሰፋ አብሮ ይሰፋል፣ ሲጠብ አብሮ ይጠባል። አንጥረኛ ወናፉን ሲከፍት አየር በራሱ ጊዜ እንደሚገባ ሁሉ፣ ደረት ሲሰፋም በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንስና አየሩ በአፍንጫ በኩል ይገባል።

ደረትን የሚያሰፋው ዋናው ጡንቻ ድያፍራም ነው። ከታችኞቹ ጎድን አጥንቶች ዙሪያ ተነሥቶ ደረትን ከሆድ ይለያል። ሲያርፍ ወደ ላይ የጎበጠ ነው፤ ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል። ተቀምጠን በእርጋታ ስንተነፍስ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ በጥልቀት ስንስብ ግን እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊወርድ ይችላል። እጅዎን እምብርትዎ ላይ አድርገው ቀስ ብለው አየር ይሳቡ። ሆድዎ ወደ ፊት የሚገፋው አየር ሆድ ውስጥ ገብቶ አይደለም፤ ድያፍራሙ ወርዶ አንጀትና ጨጓራን ስለሚጫን ነው።

አየር ማስወጣት ጤነኛ ሰው ሲያርፍ ምንም ጉልበት አይጠይቀውም። ጡንቻው ይላላል፣ ተለጥጦ የነበረው ሳንባ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ አየሩም ይወጣል። በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ፣ በቀን ወደ 20 ሺህ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ከሰውነታችን ጡንቻዎች መካከል እንደ ልብና እንደ ድያፍራም ያለ ዕረፍት የሚሠራ የለም።

ሳንባ ሲታመም ጡንቻው ምን ይሆናል?

ሳንባን ለዓመታት የሚጎዱ በሽታዎች ብዙ ናቸው። አስም አለ። ሳንባ ነቀርሳ ከዳነ በኋላም የሚተወው ጠባሳ አለ፤ ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበዛባቸው የዓለም 30 አገሮች አንዷ ስለሆነች ይህ ጠባሳ በየመንደሩ ይገኛል። ሐኪሞች ሲኦፒዲ የሚሉት፣ የአየር ቧንቧን አጥብቦ የሳንባን መለጠጥ የሚያበላሽ በሽታም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሲኦፒዲ በ2021 እ.ኤ.አ. 3.5 ሚሊዮን ሰው ገድሏል፤ በዓለም ላይ ከሚገድሉ ምክንያቶችም አራተኛው ነው። በሀብታም አገሮች ከ10 ታማሚ 7ቱን ለዚህ የሚዳርገው ሲጋራ ነው። እንደ እኛ ባሉ አገሮች ግን የሲጋራ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ ነው፤ ከትልልቆቹ መንስኤዎች አንዱ የማገዶ ጭስ ነው። ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ እናት ሳንባዋ የአጫሽ ሳንባ ሊመስል የሚችለው ለዚህ ነው።

በሲኦፒዲ የአየር ቧንቧዎች ስለሚጠቡ የገባው አየር ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ቀጣዩ ትንፋሽ ይደርሳል። አየር ይጠራቀማል፣ ሳንባው ይነፋል፣ ድያፍራሙንም ከላይ ተጭኖ ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ጤነኛ ከሆኑ ይህን ለጥቂት ሰከንድ መሞከር ይችላሉ። እስከ መጨረሻው አየር ይሳቡ። ከዚያ ትንሽ ብቻ ያስወጡ፤ እንደገና ይሳቡ፤ አሁንም ትንሽ ብቻ ያስወጡ። ሦስት አራት ጊዜ ከደጋገሙት በቂ ነው፤ ራስዎን ካዞረዎት ወዲያው ይተዉት። ደረትዎ ሞልቶ ሳለ አየር ያነሰዎት ይመስልዎታል። ታማሚው ዳገት ሲወጣ የሚሰማው ይህ ነው፤ ችግሩ የሚጀምረው አየር ባለመውጣቱ ቢሆንም እርሱ የሚለው «አየር አልገባ አለኝ» ነው።

የተጠፈጠፈ ጡንቻ ለምን ይደክማል? መልሱን በራስዎ እጅ ያግኙት። የቀኝ እጅዎን ከአንጓው ላይ ወደ ውስጥ እስከሚችለው ድረስ አጥፈው ጣቶችዎን አጥብቀው ይጨብጡ። ጭብጡ ይላላል። አሁን አንጓውን ቀጥ አድርገው ይጨብጡ፤ ጉልበቱ ይመለሳል። ጡንቻው ያው ነው፤ የተለወጠው ሥራውን ሲጀምር የነበረው ርዝመት ነው። ማንኛውም ጡንቻ አስቀድሞ ካጠረ ከዚያ በላይ ለመኮማተር አቅም ያንሰዋል። ድያፍራምም ተጠፍጥፎ ሲያጥር የሚደርስበት ይኸው ነው። በከፋ ደረጃ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሲኮማተር የታችኞቹን ጎድን አጥንቶች ወደ ውጭ መክፈት ትቶ ወደ ውስጥ ይጎትታቸዋል።

በነቀርሳ ጠባሳ የሚመጣው ችግር በብዛት ከዚህ ይለያል። ጠባሳ ያለበት ሳንባ ስለሚደርቅና ስለማይለጠጥ ጡንቻው እያንዳንዱን ትንፋሽ በትግል ይስባል። መንገዱ ይለያይ እንጂ መጨረሻው አንድ ነው፤ ቀድሞ ያለ ድካም ይሠራ የነበረ ጡንቻ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል።

የቦታው ከፍታም ትንሽ ይጨምርበታል። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ጤነኛ ሰው ተለማምዶት ይኖራል፤ የታመመ ሳንባ ግን ይህ ጉድለት ይሰማዋል።

ትከሻ ለምን ይሰበሰባል?

ድያፍራም ሲደክም ሌሎች ጡንቻዎች ይደርሱለታል። በአንገት ግራና ቀኝ ያሉት፣ በደረት ፊት ያሉት፣ በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ሁሉ ደረትን ወደ ላይ ለማንሣት ይረባረባሉ። ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው አየር ሲስብ አንገቱን ልብ ብለው ይዩት፤ ጅማት የሚመስሉት ጡንቻዎች ይገተራሉ፣ ከአንገቱ ሥር ያለው ጎድጓዳም ወደ ውስጥ ይገባል።

እነዚህ ጡንቻዎች የተሠሩት ለአጭር ጊዜ እርዳታ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ያጥራሉ፣ ይገተራሉ፣ አካልንም ወደ ራሳቸው ይጎትታሉ። ራስ ወደ ፊት ይቀድማል፣ ትከሻ ወደ ላይና ወደ ፊት ይሰበሰባል፣ የላይኛው ጀርባ ይጎብጣል። ጀርባ ሲጎብጥ ጎድን አጥንቶች እንደ ልብ አይከፈቱም፤ ትንፋሹ ይብስበታል። ትንፋሹ ሲብስ ደግሞ ይበልጥ ይጎብጣል። ይህ አዙሪት ነው።

ሆኖም ታማሚው ደክሞት ጉልበቱን ተደግፎ ወደ ፊት ዘንበል ሲል «ቀና በል!» ብሎ መቆጣት ስህተት ነው። ሰውነቱ ራሱ ያገኘው መላ ነው። ክንድ ጉልበት ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ትከሻው ይጸናል፤ ያን ጊዜ የትከሻና የደረት ጡንቻዎች ክንድን መሸከሙን ትተው ጎድን አጥንትን ያነሣሉ። ሆዱም ወደ ድያፍራሙ ስለሚጠጋ የተጠፈጠፈውን ጡንቻ ወደ ላይ ገፍቶ የቀድሞ ቅርጹን በጥቂቱ ይመልስለታል። ስለዚህ ትንፋሽ ሲያጥር መደገፍ ትክክል ነው፤ ትንፋሽ ሲረጋጋ ደግሞ ቀና ብሎ ትከሻን ማፍታታት ይገባል።

በተቃራኒው ሁለት የቤት ሥራዎች ትንፋሽን ይቆርጣሉ። አንደኛው እጅን ከራስ በላይ አንሥቶ መሥራት ነው፤ ልብስ ማስጣት፣ ከቆጥ ላይ ዕቃ ማውረድ። ክንድ ሲነሣ ትንፋሽን ያግዙ የነበሩት ጡንቻዎች ወደ ክንድ ሥራ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ከወገብ እጥፍ ብሎ ጉልቻ ሥር እሳት እፍ ማለት ነው። ሆድ ይጨመቅና ድያፍራሙ መውረጃ ያጣል፤ አየሩን እፍ ብለው ከጨረሱ በኋላ የሚስቡት ትልቅ ትንፋሽ ደግሞ ጭሱን ይዞ ይገባል። ለታመመች እናት እሳቱን ሌላ ሰው ቢያቀጣጥልላት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ሚዛንን ከትንፋሽ ጋር ምን አገናኘው?

ቆመው ሳለ እጅዎን በፍጥነት ወደ ፊት ቢያነሡ የእጅዎ ክብደት ወደ ፊት ይጎትትዎታል። የማይወድቁት ሰውነትዎ አስቀድሞ ስለሚዘጋጅ ነው። አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ፖል ሆጅስና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ድያፍራም በዚህ ዝግጅት ውስጥ እንደሚሳተፍ አሳይተዋል፤ ክንድን የሚያነሣው የትከሻ ጡንቻ ከመነሣቱ ከሰከንድ ክፋይ በፊት ድያፍራም ይኮማተራል። ድያፍራም ከላይ፣ የሆድ ግድግዳ ከፊትና ከጎን፣ የዳሌ ወለል ከታች አንድ ላይ ሲጠብቁ በሆድ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ ይህ ግፊት አከርካሪን ከፊት በኩል ይደግፋል።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ጤነኛ ሰዎችን በኃይል እንዲተነፍሱ አድርገው ሙከራውን ደገሙት። ትንፋሽ ሲበረታ ድያፍራሙ ሰውነትን የማጽናት ሥራውን ቀነሰ። ሁለቱን ሥራ መያዝ ሲያቅተው ለትንፋሽ አደላ ማለት ነው። ምርጫው ትክክል ነው፤ ትንፋሽ ከሁሉም ይቀድማል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ወገብ ነው። ለጤነኛ ሰው ይህ የሚሆነው ሲሮጥ ነው፤ ሳንባው ለታመመ ሰው ግን ቡና ሲያመላልስም ሊሆን ይችላል።

በቤልጅየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። ሰው ሲቆም አንጎሉ ከዓይን፣ ከውስጥ ጆሮና ከጡንቻዎች መልእክት ይቀበላል። ተመራማሪዎቹ በባት ጡንቻና በጀርባ ጡንቻ ላይ የሚንቀጠቀጥ ትንሽ መሣሪያ እያሰሩ መልእክቱን አዛቡት፤ ሰውየው የትኛው ሲዛባ ይበልጥ እንደሚወዛወዝ በማየት በየትኛው እንደሚተማመን አወቁ። የሲኦፒዲ ታማሚዎች፣ በተለይም አየር የሚስቡበት ጡንቻ የደከመባቸው፣ ከጀርባቸው ይልቅ በቁርጭምጭሚታቸው ላይ ይበልጥ ሲደገፉ ተገኙ።

ሺሺንዳ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት አይከብድም። በጠንካራ ወለል ላይ ቁርጭምጭሚት ጥሩ መረጃ ይሰጣል። በጭቃ ላይ ግን እግር ሥር ያለው መሬት ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ የቁርጭምጭሚት መልእክት አይታመንም። ጤነኛ ሰው ያን ጊዜ ወደ ጀርባውና ወደ ወገቡ መልእክት ይዞራል። ታማሚው ግን መዞሪያው ጠቦበታል። ኮንጎ ጫማ አድርጎ፣ ጀሪካን አዝሎ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ቁልቁለቱን ሲወርድ መንሸራተቱ የድንገት ነገር አይደለም።

ሌላም ጭነት አለበት። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው መንቀሳቀስ ይፈራል፤ ሲቀመጥ የጭን ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጭኑ ሲደክም ትንሽ መንገድም ያደክመዋል። ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ የፕሬድኒሶሎን ኪኒንም ጡንቻንና አጥንትን ያዳክማል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጀመርም፣ በድንገት ማቋረጥም አደጋ አለው። በካናዳ በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ከታዩት 39 የሲኦፒዲ ታማሚዎች መካከል ግማሽ የሚጠጉት ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወድቀው ነበር።

ጥንካሬው እንዴት ይለካል?

አየር የመሳብ ጉልበት የሚለካው ታማሚው በተዘጋ ቱቦ ውስጥ በሙሉ ኃይሉ አየር ለመሳብ ሲሞክር ነው። መለኪያው በሴንቲ ሜትር ውኃ ይነበባል። ጤነኛ ወንድ ብዙውን ጊዜ ወደ 100፣ ሴት ከ70 እስከ 80 አካባቢ ታስመዘግባለች፤ ከ60 በታች ሲሆን ብዙ ባለሙያዎች ጡንቻው ደክሟል ይላሉ።

መሣሪያ በሌለበትም ብዙ ማወቅ ይቻላል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው ሦስት ቀላል ፈተናዎች አሉ። የመጀመሪያው ሰው በ6 ደቂቃ ውስጥ በሜዳ ላይ የሚራመደውን ርቀት መለካት ነው፤ ከሕክምና በኋላ 30 ሜትር ያህል ከጨመረ ለውጡ ዋጋ አለው። ሁለተኛው እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር 5 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ነው፤ ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደ የመውደቅ ስጋት አለ። ሦስተኛው በአንድ እግር መቆም ነው፤ አንድ አዛውንት 5 ሰከንድ መቆየት ካቃታቸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እነዚህን በቤት የሚሞክር ሰው አጠገቡ ሌላ ሰው መኖር አለበት።

በቤት ምን ይሠራል?

ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ማየት ይገባል። ልብም ሊታመም ይችላል፤ ያልታከመ ነቀርሳም ሊኖር ይችላል። ሐኪሙ ከፈቀደ የሚከተሉት ለብዙ ታማሚ ይሆናሉ።

የመጀመሪያው ከንፈርን አሞጥሙጦ መተንፈስ ነው። በአፍንጫ ሁለት እስኪቆጠር ድረስ አየር ይሳባል፤ ከንፈር እንደ ማፏጨት ሞጥሞጥ ብሎ አራት እስኪቆጠር ድረስ በእርጋታ ይወጣል። ከንፈሩ ሲጠብ ወደ ኋላ የሚመለሰው ግፊት የጠበቡት ቧንቧዎች ቶሎ እንዳይዘጉ ያደርጋል፣ ትንፋሹም ስለሚዘገይ የታጎረው አየር መውጫ ጊዜ ያገኛል። አየር መግፋት ወይም ማማጥ ግን አያስፈልግም። ከባዱን የሥራ ክፍል ከሚወጣው ትንፋሽ ጋር ማጣመር ይጠቅማል፤ ለመነሣት፣ ለማንሣት፣ ደረጃ ለመውጣት የሚተነፍሱት ወደ ውጭ ነው።

ሁለተኛው ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው። ወንበሩ ከግድግዳ ተጠግቶ የማይንሸራተት ይሁን፤ ዝቅ ያለ በርጩማ ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆንም። በሚወጣ ትንፋሽ ይነሣሉ፣ በእርጋታ ይቀመጣሉ። 5 ጊዜ ብቻ ቢሆንም በቂ መነሻ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ይጨመራል። ጭን የሚጠነክረው በዚህ ነው።

ሦስተኛው ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝን ከመሬት ማንሣትና ማውረድ፣ ቀጥሎም የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው አውራ ጣት ፊት አድርጎ 10 ሰከንድ መቆም ነው። መጀመሪያ በሁለት እጅ፣ ቆየት ብሎ በአንድ እጅ፣ መጨረሻ ላይ ሳይነኩ ግን ግድግዳው አጠገብ ሆነው። ዓይን መጨፈን ወይም ጭቃ ላይ መሞከር አያስፈልግም።

አራተኛው ጀርባን ከግድግዳ አስደግፎ ትከሻን ወደ ኋላና ወደ ታች ማውረድ፣ አገጭን ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ፣ ክንዶችን በግድግዳው ላይ ቀስ እያሉ ማንሸራተት ነው። የደረት ፊት ጡንቻ ይፍታታል፣ ጎድን አጥንት የመከፈት ዕድል ያገኛል።

አምስተኛው መራመድ ነው። በደረቅና ሜዳ ቦታ፣ ማውራት እየተቻለ ግን ትንፋሽ ትንሽ እየበረታ ይራመዳል። ሲያጥር ቆሞ ዛፍ ወይም አጥር ተደግፎ ከንፈርን አሞጥሙጦ አርፎ ይቀጥላል። ምርኩዝ መያዝ የደካማነት ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ሦስተኛ እግር ይሆናል፣ ክንድንም ያሳርፋል።

አየር መሳብን የሚያከብድ ትንሽ የልምምድ መሣሪያም አለ። ጡንቻውን እንደሚያጠነክር ተረጋግጧል። ሆኖም በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 219 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው፣ ከመደበኛው የአካል ልምምድ ጋር መሣሪያው ሲጨመር በ6 ደቂቃ የሚራመዱት ርቀት ከዚያ በላይ አልረዘመም። ስለዚህ መሣሪያው የለም ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ ዋናው መድኃኒት እግርን ማንቀሳቀስ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. 65 ሙከራዎችንና 3,822 ታማሚዎችን ያጠቃለለ የኮክሬን ግምገማ፣ ይህን የመሰለ የሳንባ ማገገሚያ ልምምድ የትንፋሽ ማጠርንና ድካምን እንደሚቀንስ፣ ኑሮንም እንደሚያሻሽል አረጋግጧል። ልምምዱ ቢያንስ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሲሠራ ነው ውጤቱ የሚታየው፤ ሲቆም ጥቅሙ ቀስ በቀስ ይጠፋል።

ምግቡ፣ ቡናውና ጭሱ

ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይገነባም። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው፤ ከባቄላ፣ ከቦሎቄ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት ወይም ከዓይብ ጋር መቅረብ አለበት። በአንዴ ጠግቦ ከመብላት ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ መብላት ይሻላል፤ የሞላ ሆድ ድያፍራሙን መውረጃ ይነሣዋል።

የቡና አገር ነውና ስለ ቡናም ይጠየቃል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአየር ቧንቧን በትንሹ ለጥቂት ሰዓታት ይከፍታል፤ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት፣ ፓፍን፣ ግን አይተካም። የሳንባ ምርመራ ያለበት ሰውም ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ4 ሰዓት ቡና ባይጠጣ ይመረጣል። ቡናው ባይጎዳም በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነደው የፈርኔሎ ከሰልና የሚጨሰው ዕጣን ይጎዳል። ፈርኔሎው ደጅ ላይ ይቀጣጠል፣ በርና መስኮት ይከፈት፣ ታማሚው ወደ በሩ ይቀመጥ። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃና ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ ማገዶ ይቆጥባሉ፤ ቢቻል ደግሞ ማዕድ ቤቱ ከመኝታው ይለይ። ደረቅ እንጨት ከእርጥብ ያነሰ ጭስ አለው፤ ዝናብ በማያቆምበት አገር እንጨትን ከጣሪያ ሥር ማድረቅ ሳንባን መጠበቅ ነው። ጀሪካኑም ሁለት አነስ ያሉ 5 ሊትሮች ቢሆኑ፣ በሁለት እጅ እኩል ቢያዙ ሚዛን ይጠበቃል።

የት ይኬዳል?

ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው መጀመሪያ የነቀርሳ ምርመራ ያድርግ። በ2003 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው የተሰማሩት ባለሙያዎች ለመነሻ ቅርብ ናቸው። ከዚያ በላይ ለሚያስፈልገው ቦንጋ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል፣ ራቅ ሲል ደግሞ ጅማ አለ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሳንባ ንዑስ ስፔሻሊስቶችን ያሠለጥናል፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ ያወጣል። ከንፈሩ የጠቆረ ወይም የሰማያዊ መልክ ያለው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው፣ ግራ የተጋባ፣ ደም ያለበት አክታ የሚተፋ ወይም ደረቱን አጥብቆ ያመመው ሰው ልምምድ ሳይሆን አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል።

ፓፍ የታዘዘለት ሰው ፓፉን አያቁም፤ አወሳሰዱንም ባለሙያ ፊት ሠርቶ ያሳይ። በሚቀጥለው ቀጠሮም ሦስት ጥያቄ ይዞ ይሂድ። ባለፈው ዓመት ወድቆ እንደሆነ ይናገርና ሚዛኔን ይዩልኝ ይበል፤ ምን ዓይነት ልምምድ ይፈቀድልኛል ይበል፤ የምወስደው ኪኒን ጡንቻዬን ይጎዳል ወይ ይበል። ባለሙያም ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ሁሉ «ወድቀህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም፣ ከመሰበር የሚያተርፈው ግን ዳሌን ነው። ቤተሰብም ታማሚውን «ዝም ብለህ ተቀመጥ» ማለቱን ይተውና እጁን ይዞ ከወንበር ያስነሣው። ሳንባው ሙሉ በሙሉ ባይመለስም ጭኑና ወገቡ ይመለሳሉ፤ ሰውየውም ደጁ ድረስ ሳይወድቅ ይደርሳል።